የአባቶችን ጫማ አድርጎ ተራራ መውጣት፦ «ይቻል ነበር» እና «ተደርጓል» አንድ አይደሉም

(ከዚህ በታች የቀረበው በሳምንታዊው የቴሌቪዥን ሐተታ ላይ የተደረገው ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)

 

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከወትሮው ለየት ይላል። ስለ ተራራ ነው። «ይሄ ሰውዬ ፖለቲካው ቢያልቅበት ተራራ መውጣት ጀመረ» እንዳትሉኝ። ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛው ቤት ይደርሳል። እኔ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ እንጂ ተራራ ወጪ አይደለሁም። ግን ሰዎች ያለፈውን ዘመን እንዴት እንደሚመረምሩና ከምርመራው ምን እንደሚያተርፉ ማየት ሥራዬ ነው። ይህ ደግሞ በዚህ ረገድ ካየኋቸው ሁሉ የሚያስተምር ነው።

በዓለም ላይ አንድ ዓይነት ሰዎች አሉ። በዘመናችን ያለው ልብስ፣ ጫማና ገመድ ሁሉ በእጃቸው ነው። እነሱ ግን ይህን ትተው፣ የዛሬ መቶ ዓመት የነበሩ ሰዎች የለበሱትን ዓይነት ልብስ አሰፍተው፣ ሚስማር የተመታበት የቆዳ ጫማ አድርገው፣ የቃጫ ገመድ ወገባቸው ላይ ቋጥረው፣ የጥንቶቹን መንገድ እየተከተሉ ተራራ ይወጣሉ። ለምን? አንዳንዱ ለፊልም ነው፤ አንዳንዱ ለዝና ነው። ከመካከላቸው ግን ቁም ነገር ይዘው የሚነሡ አሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ እነዚያ ሰዎች በያዙት ዕቃ፣ አደረጉት የተባለውን ነገር ማድረግ ይችሉ ነበር ወይ?

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደነበር እንይ። ዛሬ ተራራ ወጪ ገመዱ ናይሎን ነው፤ ሲወድቅ ትንሽ ይለጠጥና የውድቀቱን ኃይል ይቀንስለታል። የድሮው የቃጫና የጥጥ ገመድ እምብዛም አይለጠጥም። ወይ ይበጠሳል፣ ወይ የታሰረውን ሰው ወገብ ይቆርጣል። ዛሬ ጭንና ወገብን አቅፎ የሚይዝ መታጠቂያ አለ፤ ያኔ ገመዱ በቀጥታ ወገብ ላይ ይታሰር ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሕግ አንድ ነበር፤ ከፊት የሚመራው ሰው ፈጽሞ መውደቅ የለበትም። ጫማውን ብትወስዱ፣ ሶሉ ላይ የተመቱት ሚስማሮች ድንጋይና በረዶ ይቆነጥጣሉ። ነገር ግን ያው ብረት የእግርን ሙቀት እየሳበ ለበረዶው ይሰጣል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በኤቨረስት እጀምራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1924 የእንግሊዝ ቡድን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ኤቨረስት ዘመተ። በወቅቱ ኔፓል ለውጭ ሰው ዝግ ስለነበረች የወጡት በሰሜን በኩል፣ በቲቤት ነው። ሰኔ 4 ቀን ኤድዋርድ ኖርተን የሚባለው መሪያቸው ያለ ኦክስጅን እስከ 8,570 ሜትር ገደማ ወጥቶ ተመለሰ። ከጫፉ የቀረው ከሦስት መቶ ሜትር ያነሰ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 8 ቀን፣ ጆርጅ ማሎሪና አንድሩ ኧርቪን ኦክስጅን ተሸክመው ተነሡ። ማሎሪ 37 ዓመቱ ነው፤ ኧርቪን ገና 22 ዓመቱ፣ የኦክስፎርድ ተማሪ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከታች የነበረው ኖኤል ኦዴል ደመናው ለአፍታ ገለጥ ሲል ሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች በተራራው ጀርባ ላይ ወደ ላይ ሲንቀሳቀሱ አየ። ከዚያ ደመናው ተዘጋ። ሁለቱን ሰዎች ከዚያ በኋላ በሕይወት ያያቸው የለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች የሞቱት ጫፉን ረግጠው ሲመለሱ ነው ወይስ ሳይደርሱ? ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ ጫፉን የረገጡት እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ማሎሪና ኧርቪን ደርሰው ከሆነ፣ የዓለም ታሪክ በ29 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል ማለት ነው።

ማስረጃው ቀስ በቀስ ነው የወጣው። በ1933 የኧርቪን ነው የተባለ የበረዶ መጥረቢያ በ8,440 ሜትር ገደማ ላይ ተገኘ። በግንቦት 1 ቀን 1999 አሜሪካዊው ኮንራድ አንከር የማሎሪን አስከሬን በ8,155 ሜትር ገደማ ላይ አገኘ። በደረቁ ብርድ ሳቢያ ገላው እንደ እብነ በረድ ነጥቶ ነበር። እግሩ ተሰብሯል፤ ወገቡ ላይ የተበጠሰ ገመድ አለ፤ የበረዶ መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነው። በ2024 ደግሞ በመስከረም ወር፣ ከሥር ባለው የበረዶ ግግር ላይ አንድ ጫማ ከነእግሩ ተገኘ። ካልሲው ላይ የኧርቪን ስም ተሰፍቶበታል። ካሜራቸው ግን አሁንም አልተገኘም። ጫፍ ላይ ተነሥተው ከሆነ ፎቶው እዚያ ውስጥ ነው።

ማስረጃው እዚህ ላይ ሲቆም ነው እንግዲህ የጥንቱን ልብስ ለብሶ የመሞከር ሐሳብ የመጣው።

ለረጅም ዘመን የእነዚያ ሰዎች ልብስ መሣለቂያ ነበር። የቀደመውን የ1921 ቡድን ፎቶግራፍ ያየው ጸሐፊው በርናርድ ሾው፣ አየርላንድ ገጠር ውስጥ ሽርሽር ወጥተው ድንገት በረዶ የወረደባቸው ሰዎች ይመስላሉ ብሎ እንደቀለደ ይነገራል። እውነትም ፎቶውን ስታዩት ኮትና ሻርፕ፣ ባርኔጣና ገምባሌ ነው። ይህን ያየ ሁሉ «በዚህ ልብስ? ኤቨረስት? በጭራሽ!» ይል ነበር።

አስከሬኑ ከተገኘ በኋላ ግን እንግሊዝ ውስጥ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከማሎሪ ገላ ላይ የተወሰዱትን የልብስ ቁራጮች ይዘው ቁጭ ብለው መረመሩ። ክሩ እንዴት እንደተፈተለ፣ ጨርቁ እንዴት እንደተሸመነ፣ ስፌቱ እንዴት እንደሆነ አጠኑ። ከዚያም ያንኑ ልብስ አምሳያውን አሠሩ። ከሥር ሐር፣ ጥጥና ሱፍ እየተፈራረቁ ይደረባሉ፤ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጋባርዲን አለ። ያገኙት ነገር ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነበር። ሐሩ በሱፉ ላይ ስለሚንሸራተት ሰውየው እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። በየድርቡ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀት ይይዛል። ጃኬቱ ክንድ ወደ ላይ ሲነሣ ከወገብ እንዳይሳብ ተብሎ የተሰፋ ነው። ልብሱ ቀላል ነው። ይህን የሰፋው ሰው ተራራ መውጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በ2006 ግራም ሆይላንድ የሚባል እንግሊዛዊ ይህን አምሳያ ለብሶ ኤቨረስት ላይ ሞከረው። የሆይላንድ ቤተ ዘመድ የሆነው ሃዋርድ ሶመርቬል በ1924ቱ ጉዞ ላይ ነበር፤ ለማሎሪ ካሜራውን ያዋሰው እሱ ነው ይባላል። ሆይላንድ ልብሱ ምቹና ሞቃት መሆኑን መሰከረ። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ሰው እየተንቀሳቀሰ፣ አየሩም ደህና ከሆነ ነው። በዚህ ልብስ ተራራው ላይ ማደር ሞት ነው። በኋላ በላቦራቶሪ የተደረገ ጥናትም ወደዚሁ አመራ። ነፋስ ሲበረታ የልብሱ መከላከያ አይበቃም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። ያለፈውን ሰው ከርቀት አይቶ «ምስኪን፣ አያውቅም ነበር» ማለት ቀላል ነው። ልብሱን ለብሰህ ስትሞክረው ግን ሰውየው የሚያደርገውን ያውቅ እንደነበር ታያለህ። እኛ ይህን ከሌላ በኩል እናውቀዋለን። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ብዙ የውጭ ሰው «ጫማ የሌለው ድሃ አፍሪካዊ» ብሎ ነው ያየው። እውነቱ የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸው፣ ልምምድ ባደረገበት መንገድ፣ በባዶ እግሩ ለመሮጥ መምረጡ ነው። ምርጫን እንደ እጦት፣ ዕውቀትን እንደ ድንቁርና ማየት የቆየ በሽታ ነው። እኛም ራሳችን በአያቶቻችን ላይ እናደርገዋለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንሂድ። የዛሬውም ዋና ነገር ይኸው ነው።

በሰሜኑ መንገድ ላይ፣ ከጫፉ በታች በ8,600 ሜትር ገደማ፣ «ሁለተኛው እርከን» የሚባል ቀጥ ያለ የድንጋይ ግድግዳ አለ። ቻይናውያን በ1960 ሲያልፉት አንዱ ወጣሪ ጫማውን አውልቆ፣ በባልደረባው ትከሻ ላይ ቆሞ ነው የወጣው። በብርዱም የእግሩን ጣቶች አጥቷል። በ1975 ቻይናውያን እዚያ ላይ የብረት መሰላል ተከሉ። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ሰው በሙሉ ማለት ይቻላል በመሰላሉ ነው የሚያልፈው። እንግዲህ ማሎሪና ኧርቪን መሰላል አልነበራቸውም። ይህን ግድግዳ ያለ መሰላል መውጣት ይችሉ ነበር?

በ2007 ኮንራድ አንከር፣ ያው አስከሬኑን ያገኘው ሰው፣ ከእንግሊዛዊው ሊዮ ሆልዲንግ ጋር ተመልሶ ሄደ። የማሎሪን ልብስና ሚስማር የተመታበትን ጫማ አምሳያ ለብሰው በጉዞው ከፊል ላይ ሞከሩት። ወደ ጫፉ ሲወጡ ግን የዘመኑን ልብስ ለበሱ። ሕይወት ነዋ! ሁለተኛው እርከን ላይ ሲደርሱ መሰላሉን አስነሡና ግድግዳውን በእጅና በእግራቸው ብቻ ወጡት። ጉዞውም ፊልም ተሠራበት።

ውጤቱ ምን ነገረን? ጥሩ ችሎታ ያለው ሰው ግድግዳውን ያለ መሰላል ሊወጣው ይችላል። ማሎሪ ደግሞ በዘመኑ ከታወቁት የድንጋይ ወጪዎች አንዱ ነበር። ስለዚህ «የማይቻል ነው» የሚለው ክርክር ተዳከመ። ይህ ትልቅ ውጤት ነው፤ አላሳንሰውም።

ግን ከዚያ ምን ሆነ? ልብሱ ይሞቃል ተባለ፤ ግድግዳው ይወጣል ተባለ፤ «እንግዲያው ማሎሪ ጫፍ ደርሷል» የሚል ወሬ ተከተለ። እናንተዬ፣ በምን ሒሳብ? «መድረስ ይችል ነበር» እና «ደርሷል» በሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ገደል አለ። ያንን ገደል የሚሻገረው ማስረጃ ብቻ ነው፤ ካሜራው፣ ፎቶው፣ ጫፍ ላይ የተተወ ዕቃ። ልብስ አሰፍቶ መልበስ ገደሉን አያሻግርም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው።

እንዲያውም ሌላው ማስረጃ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል። በዚያው ጉዞ ላይ በታችኛው ሰፈር የአየር ግፊት በየቀኑ ይመዘገብ ነበር። ተመራማሪዎች መዝገቡን ከብዙ ዓመት በኋላ አውጥተው ሲያዩት፣ ማሎሪና ኧርቪን በወጡበት ወቅት የአየር ግፊቱ በ18 ሚሊባር ገደማ እንደወረደ አገኙ። ይህ የከባድ ወጀብ ምልክት ነው። እንግዲህ ልብሱ ነፋስ ሲበረታ አይበቃም ብለናል። ሁለቱን ስታገናኟቸው ምን ሊሆን እንደሚችል ትገምታላችሁ። ልብሱን ለብሶ የሞከረውን ሰው ምስክርነት ከተረሳ መዝገብ ጋር አገናኝቶ ማንበብ፤ ታሪክ መመርመር ማለት እንዲህ ነው። የሚጥመንን ግማሽ አንሥቶ መሮጥ አይደለም።

ሦስተኛው ነገር። ዕቃውን ሁሉ ብታመሳስል፣ ልታመሳስለው የማትችለው ነገር አለ። ይህን የሚያሳየው የሻክልተን ታሪክ ነው።

ኧርነስት ሻክልተን ወደ አንታርክቲካ ሲጓዝ መርከቡ በበረዶ ተይዛ ተሰበረች። በ1916 ከሰዎቹ 22ቱን በአንድ ደሴት ላይ ትቶ፣ ከአምስት ሰዎች ጋር በትንሽ ጀልባ፣ በዓለም እጅግ አስቸጋሪ በሆነው ባሕር ላይ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ደቡብ ጆርጂያ የምትባል ደሴት ደረሰ። የዓሣ ነባሪ አዳኞች ሰፈር ግን በደሴቲቱ ወዲያኛው ወገን ነው። በመካከል በረዶ የለበሰ ተራራ አለ። ካርታው የባሕሩን ዳር እንጂ ውስጡን አያሳይም። ሻክልተን፣ ወርስሊና ክሪን የሚባሉ ሦስት ሰዎች፣ ከጀልባው የነቀሉትን ብሎን ጫማቸው ሥር አስመትተው፣ የአናጢ መጥረቢያና 15 ሜትር ገደማ ገመድ ይዘው፣ በ36 ሰዓት ተሻገሩት። ደሴት ላይ የቀሩት 22 ሰዎች በሙሉ በኋላ በሕይወት ተረፉ።

በ2013 ቲም ጃርቪስ የሚባል ሰው ይህንን ጉዞ ከአምስት ባልደረቦቹ ጋር ደገመው። ጀልባዋ በአምሳያዋ ተሠራች፤ ልብሱ የዚያ ዘመን ነው፤ አቅጣጫ የሚለዩት በፀሐይና በድሮ መሣሪያ ነው። ከባሕር ሲወጡ ከመካከላቸው እግራቸው በእርጥበትና በብርድ የተጎዳባቸው ነበሩ። ጃርቪስና ባሪ ግሬይ በጥንቱ ልብስ ተራራውን ተሻገሩት። እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ባርኔጣዬን አነሣላቸዋለሁ።

ግን ከኋላቸው አጃቢ መርከብ ነበረች። ለሕይወታቸው ሲባል ይህ ትክክል ነው። ደሴቲቱም ዛሬ ካርታ አላት። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ተራራውን መሻገር እንደሚቻል ያውቃሉ፤ ምክንያቱም ሻክልተን ተሻግሮታል። ሻክልተን ግን ይህን አያውቅም ነበር። አንድ ቁልቁለት ወርዶ ገደል ቢያጋጥመው ተመልሶ መውጣት ነው፤ እሱ ካልደረሰ ደግሞ 22 ሰዎች ያሉበትን የሚያውቅ የለም። ልብስ ይሰፋል፤ ጀልባ ይሠራል፤ አለማወቅን ግን እንደገና መሥራት አይቻልም።

ይህ ለእኛ ለፖለቲካ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ባለፈው ዘመን የነበረ መሪ ላይ ስንፈርድ መጨረሻውን አውቀን ነው የምንፈርደው። «ያኔ እንዲህ ማድረግ ነበረበት»፣ «ይህን ማየት አቅቶት ነው» እንላለን። እኛ ካርታው አለን። እሱ ጭጋግ ውስጥ ነበር። ይህ ማለት አይፈረድበትም ማለት አይደለም፤ የሚፈረድ አለ። ነገር ግን ፍርዱ ሰውየው ያን ዕለት ምን ያውቅ እንደነበርና ምን ማወቅ ይችል እንደነበር ከመጠየቅ መጀመር አለበት።

አራተኛውና እኔን ያስጨነቀኝ ነገር ደግሞ ይህ ነው። ጉዞው ሲደገም የማን ጉዞ ነው የሚደገመው?

እነዚያ የኤቨረስት ሙከራዎች የማሎሪን ሸሚዝ፣ የማሎሪን ጫማ፣ የማሎሪን ጃኬት ነው የሠሩት። ግን በ1924 ተራራው ላይ የነበሩት ማሎሪና ጓደኞቹ ብቻ አይደሉም። ኖርቡ ዪሻንግ፣ ላክፓ ቼዲና ሴምቹምቢ የሚባሉ ሦስት ሰዎች ከኖርተንና ከሶመርቬል ጋር ሸክም ተሸክመው እስከ 8,170 ሜትር ገደማ ወጥተዋል። የመጨረሻውን ድንኳን እዚያ ያደረሱት እነሱ ናቸው። ያ ድንኳን ባይኖር ማሎሪም የሚነሣበት ቦታ አልነበረውም። ከዚያ በፊት በ1922 ሰኔ 7 ቀን የበረዶ ናዳ ሰባት ተሸካሚዎችን ገድሏል፤ ማሎሪ ራሱ በዚያ ሞት ራሱን ሲወቅስ ኖሯል።

በ1924 ደግሞ ከሞቱት አንዱ ማን ባሃዱር ይባላል። ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ? የጉዞው ጫማ ጠጋኝ ነበር። የሌላውን ጫማ የሚጠግነው ሰው የራሱ ሁለት እግሮች ብርድ በልቷቸው ሞተ። የማሎሪ ጫማ በአምሳያው ተሠራ፣ ተለካ፣ ፊልም ተነሣ። የማን ባሃዱርን ጫማ አሠርቶ «ይህ ሰው በዚህ ጫማ እዚያ ድረስ መላክ ነበረበት ወይ?» ብሎ ቢሞክር፣ ስለዚያ ዘመን ምን ያህል እንደምንማር አስቡት። የማሎሪ ጫማ ስለ ጀግንነት ይነግረናል፤ የማን ባሃዱር ጫማ ስለ ሥርዓቱ ይነግረን ነበር።

ስለ ሥርዓት ካነሣን አንድ ሌላ ሰው ልጥቀስ። በ1922ቱ ጉዞ ላይ ጆርጅ ፊንች የሚባል፣ አውስትራሊያ የተወለደ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ይህ ሰው ለአየር ፊኛ ከሚሆን ጨርቅ፣ ውስጡ በወፍ ላባ የተሞላ ካፖርት አሠርቶ መጣ። ጓደኞቹ ሳቁበት። ቁመናው አያምርማ! ብርዱ ሲመጣ ግን የሞቀው እሱ ነበር። ከጄፍሪ ብሩስ ጋር ኦክስጅን ይዞ ከ8,300 ሜትር በላይ ወጣ፤ ያኔ ማንም ያልደረሰበት ከፍታ ነው። ዛሬ ኤቨረስት የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚለብሰው የፊንችን ሐሳብ ነው። ይህን ሰው ግን በ1924 ኮሚቴው ከጉዞው አስቀረው። ከኮሚቴው ጋር አለመስማማት ነበረበት፤ ጠባዩንም አልወደዱትም። እንግዲህ የተሻለው ልብስ በዚያ ዘመን አልነበረም አትበሉ። ነበረ። ያልነበረው የሰውየውን ማንነት ትቶ ሐሳቡን የሚያይ ኮሚቴ ነው። ስንቱ ድርጅታችን በዚህ በሽታ እንደሞተ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። እኛ ዘንድ የጥንቱ መሣሪያ ለሙከራ ሳይሆን ለኑሮ የሚያገለግልበት ቦታ አለ። ደብረ ዳሞ የሚወጣ ሰው ዛሬም አምባውን የሚወጣው በተገመደ ጠፍር ነው። እንግዳ ከሆነ አንድ ጠፍር ይጨብጣል፤ ሌላው ወገቡ ላይ ታስሮ መነኮሳቱ ከላይ ይስቡታል። የማሎሪ ገመድ ወገቡ ላይ ነበር ብያችኋለሁ፤ ያው ነው። ከአውሮፓ ሙዚየም የገባው ዕቃ እኛ ዘንድ በሥራ ላይ ነው። ጠፍሩን የሚገምደው፣ ያረጀውን የሚለየው፣ ከላይ ቆሞ የሚስበው ሰው ዕውቀት አለው። ያ ዕውቀት ከጠፋ በኋላ ቁራጭ ጠፍር ይዘን ላቦራቶሪ ከምንሄድ፣ ዛሬ ሰውየውን ቁጭ አድርጎ መጠየቅና መመዝገብ ይሻላል። በየቦታው ያላችሁ የባህልና የታሪክ ማኅበራት፣ ይህን እንደ ሥራ ያዙልኝ።

ሌላው የዓድዋ ጉዞ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፣ ወጣቶች ከአዲስ አበባ ተነሥተው በእግራቸው ለየካቲት 23 ዓድዋ ለመድረስ ይጓዛሉ። ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ይህን በጣም አከብራለሁ። እግሩ ያበጠ ወጣት መጽሐፍ ካነበበው ሰው ያልተማረውን ይማራል። ዳገቱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ውሃ የት እንደሚገኝ፣ ቀን ሐሩሩ ሌሊት ቁሩ ምን እንደሚመስል ሰውነቱ ይነግረዋል።

ያንን ጉዞ ለሚያደርጉትና ከዚህ ሆነን ለምናጨበጭብላቸው ሁሉ ግን ከኤቨረስት ያገኘነውን ላካፍል። አንደኛ፣ ያ ሠራዊት በጦር በጎራዴ ብቻ፣ በወኔ ብቻ አልሄደም። ጠመንጃ ነበረው፤ መድፍ ነበረው፤ ስንቅ ነበረው፤ ዕቅድ ነበረው። «ምንም ሳይኖራቸው አሸነፉ» ስንል ያከበርናቸው ይመስለናል፤ ዕውቀታቸውን ግን እየሰረዝን ነው። ሁለተኛ፣ የዘማቹን መንገድ ስንደግም የማንን መንገድ ነው የምንደግመው? ዱቄት የፈጨችው፣ እንጨት የለቀመችው፣ ውሃ የቀዳችው ሴትም እዚያው መንገድ ላይ ነበረች። ሸክም የጫነ አጋሰስ የነዳው ሰውም ነበረ። ጋሻና ጎፈር የያዘ ሰው ፎቶ ይነሣል። ወፍጮ ተሸክሞ የሚሄድ ቢኖር እኔ እሱን ነበር የምከተለው።

ሦስተኛ፣ «ይቻል ነበር» እና «ተደርጓል» የሚለውን እንለይ። በየማኅበራዊ ሚዲያው የምንጣላበት ታሪክ ግማሹ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። አንዱ ተነሥቶ «በዚያ ዘመን እንዲህ ማድረግ የሚያስችል ኃይል ነበራቸው፤ ስለዚህ አድርገዋል» ይላል። በበጎም ይላል፣ በክፉም ይላል። በበጎ ሲለው የሌለ ጀግንነት ይፈጥራል። በክፉ ሲለው ደግሞ ያልተደረገ በደል ይፈጥርና ሰውን ከሰው ያጋጫል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ደም ያፈስሳል። አንድን ሕዝብ «ሊያደርግ ይችል ነበር» በሚል ብቻ መክሰስ፣ ካሜራውን ሳያገኙ ፎቶውን እንደማተም ነው። የተደረገ በደል ካለ ደግሞ መዝገቡ ይውጣ፣ ምስክሩ ይሰማ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ግን በማስረጃ ይሁን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶች።

ኮንራድ አንከር የማሎሪን አስከሬን አገኘ፤ ግድግዳውን ያለ መሰላል ወጣ። በዓለም ላይ «ማሎሪ ደርሷል» ብሎ ቢናገር የሚሰማ ሰው ካለ እሱ ነው። እሱ ግን ከግድግዳው ወርዶ «ይቻል ነበር» ከሚለው አላለፈም። ባለው ማስረጃ ልክ መናገር ይህን ይመስላል። ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ላይ፣ ትንፋሽ እያጠረው ይህን ልክ የጠበቀ ሰው ካለ፣ እኛ ሳሎናችን ውስጥ ሻይ እየጠጣን ልንጠብቀው አይገባም ትላላችሁ?

ለዛሬ በዚሁ አበቃሁ። አስተያየታችሁን በተለመደው አድራሻችን ላኩልን። በተለይ የጠፍር ገመዳን የሚያውቅ አባት ወይም ዘመድ ያላችሁ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል። እስከ ሳምንት ቸር ያሰንብተን።